ጾመኛው ማሽን

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የአንድ ሆቴል የመዋኛ ገንዳ የምይዘው እኔ ነኝ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ የውሃውን ነገር ያስተማረኝ ከእኔ በፊት የነበረው ሠራተኛ ነው። ገንዳው ውስጥ ጨው ይሟሟል፣ ማሽኑ ጨዉን ወደ ክሎሪን ይለውጠዋል፣ ክሎሪኑ ጀርሙን ይገድላል። ጠዋትና ማታ በትንሽ ብልቃጥ ውሃ ቀድቼ መድኃኒት ጠብ አደርግበታለሁ። ቢጫ ይሆናል፤ ቢጫው ከሳሳ ክሎሪኑ አንሷል። ሰው አፍራለሁ፤ ከውሃው ጋር ግን እንግባባለን።

አንድ ሰሞን ውሃው ደፈረሰብኝ። አለቃዬ «ዳግመኛ ከደፈረሰ ወደ ልብስ ማጠቢያው ትሄጃለሽ» አለኝ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ ከቡሬ ገጠር አንዲት እናት በልጃቸው ተደግፈው መጡ። ሐኪም ውሃ ውስጥ ቢራመዱ ጉልበታቸው እንደሚሻለው ነግሯቸዋል። ከተማ ይገባል ተብሎ ነው መሰል፣ ጸጉራቸውን ለጋ ቅቤ ተቀብተዋል፤ ፀሐዩ እያቀለጠው ግንባራቸው ላይ ይወርዳል።

ቅቤ ክሎሪኑን ይጨርሰዋል፣ ማጣሪያውንም ይደፍነዋል። ግን ለትልቅ ሰው እንዴት «ራስዎ ውሃ ያበላሻል» ይባላል? ቅጠል መልቀሚያውን መረብ ይዤ ቆምኩ። እሳቸው ደረጃው ጋ ደረሱ።

«እማማ፣ ትንሽ ይቆዩልኝ» አልኩ። ድምፄ አልወጣም።

«ምን አልሽ?»

«ውሃው... ጨው አለበት።»

«ጨው ካለበት ቅቤውን እኔ ይዤ መጥቻለሁ። በርበሬውን አንች ጨምሪበት!»

ልጃቸው ሳቀች። እኔም ሳቄ አመለጠኝ፤ እሱ ነው መሰል አፌን የፈታው።

«ወጡማ ይጣፍጥ ነበር እማማ። ምን ያደርጋል፣ ማሽናችን ጾመኛ ነው፤ ቅቤ ከቀመሰ ይታመማል።»

ተቆጡ ብዬ አቀረቀርኩ።

«በፍስክም ይጾማል?»

«ዓመቱን ሙሉ፣ እማማ።»

«ወይ አንች! እንዲህ ያለ መናኝማ በእኔ አይገድፍም!» ብለው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉልኝ።

በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ እጣቢው ጥርት ብሎ እስኪወርድ አጠብኳቸው። ከዚያ እሳቸው ውሃው ውስጥ፣ እኔ ዳር ዳሩን፣ እጃቸውን ይዤ ሄድን። መሀል ላይ ቆም አሉና «ይኸ ጉልበት የማን ነው?» አሉ።

ማታ ብልቃጡ ደህና ቢጫ ሆነ፤ ልብስ ማጠቢያም አልሄድኩ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ፤ ጸጉራቸውን ቤታቸው ታጥበው፣ ቅቤውን በጣሳ ይዘው። ከውሃው ሲወጡ ሻሼን ይፈቱና «ማሽኑ ይጹም፤ አንችን ማን ጹሚ አለሽ?» እያሉ አናቴን ይለቀልቁኛል። የማታውን ውሃ የምቀዳው እንግዲህ አንገቴን ወደ ኋላ መልሼ ነው፣ ቅቤው ከራሴ ጠብ እንዳይል።