ገሪማ ሳይሞት ተመለሰ

ገሪማን ያሳመመው የገዛ ሌብነቱ ነው። እኔ አልጨመርኩበትም፣ ራሱ በአፉ የተናገረውን ነው የማወራው። ዲላ ገበያ ዳር ጨውና ላምባ ይቸረችር ነበር፤ የሱን የቡና ማሳና የጎረቤቱን የወልዱን ማሳ የሚለየው አንድ የድንበር ድንጋይ ነው። በየዓመቱ ፋሲካ፣ ወልዱ ከቅዳሴ ተመልሶ ፈስኮ ሲተኛ፣ ገሪማ ድንጋዩን አንድ ክንድ ወደ ወልዱ ያስጠጋል። በአምስተኛው ፋሲካ፣ ጣልያን ከገባ ሦስተኛው ዓመት መሆኑ ነው፣ ድንጋዩን ብድግ ሲያደርግ ብሽሽቱ ላይ ጠቅ አለውና እንቁላል የሚያህል እብጠት ወጣ። ቡአ ነው።

ከዲላ ግማሽ ቀን በካሚዮን የሚያስኬድ የጣልያን ሐኪም ቤት ነበረ። ሐኪሙ ደባብሶ ሲያበቃ በአስተርጓሚ፣ "ካልተቀደድክ ትሞታለህ፤ የዛሬ ሳምንት ተመለስ" አለው።

"ብቀደድስ?" አለ ገሪማ። አስተርጓሚው ይህን ሳይተረጉም ራሱ ሳቀ።

ያኔ ዲላ ውስጥ ሐኪም ቤት ተኝቶ የተመለሰ ሰው አልነበረም። ተኝቶ የሞተም አልነበረም፤ ማን ተኝቶ ያውቅና! አገሩ ግን ፈርዶ ጨርሷል፤ የገባ አይወጣም። ሚስቱ የትምወርቅ ስንቅ ልትቋጥር ብትነሳ፣ "ለሙት ስንቅ ምን ይሠራለታል!" ብሎ ከለከላት። ጋቢውን ለነፍስ አባቱ ለመምሬ ጽጌማርያም ሰጠ፣ ጫማውንም ለሌላ ሰጠ። ለመናዘዝ ሲንበረከክ ግን መምሬ ቆጣ አሉ።

"በሰው ላይ የሠራኸውን ለባለቤቱ ሳትነግር እኔ አልፈታህም። ዙርና ይቅር በሉኝ በል" አሉት።

ዞረ። ብሽሽቱን በመቀነት ጠፍሮ፣ በከዘራ እየተደገፈ፣ መጀመሪያ በርበሬ ነጋዴዋ ሀዲጃ ቤት ሄደ። "ሸለምጥማጥ በላው ያልሽው አውራ ዶሮሽን የበላሁት እኔ ነኝ" አላት። ሀዲጃ እንባዋን ጠርጋ፣ "ዶሮ ምን አላት ወንድሜ! ይቅር ብያለሁ፣ አላህም ይቅር ይበልህ" አለችው። ወልዱ የድንበሩን ጉድ ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ፤ ከዚያ ብሽሽቱን አየና፣ "ለካ ድንጋዩ ራሱ ፈርዶብሃል። ይቅር ለእግዜር" ብሎ አቀፈው።

የትምወርቅን ለመጨረሻ አቆያት። ካሚዮኑ ሊነሳ ሲል ነው የነገራት።

"አንቺን ከፈለኝ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ለአባትሽ 'የሚጥል በሽታ አለበት' ያልኳቸው እኔ ነኝ። ውሸቴን ነው" አላት።

ከፈለኝ እስካሁን አንዴ እንኳ ሳይወድቅ ፍስሐ ገነት ላይ ቡና ይነግዳል፣ ሰባት ልጅም ወልዷል። የትምወርቅ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በውሸት ተድራ ኖራለች! ደግሞ ሞት አፋፍ የቆመን ሰው ምን ይሉታል? "ይቅር ለእግዜር፤ ሟችን በቂም መሸኘት ነውር ነው" አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ገሪማ ተላቅሶ፣ ቀሎት፣ ካሚዮኑ ላይ ወጣ።

ሰውየው ግን አልሞተም! ተቀደደ፣ ተሰፋ፣ ነቃ። መንቃቱን ሲያውቅ መጀመሪያ ተመስገን አለ። ቀጥሎ ወልዱ ትዝ አለው፣ ሀዲጃ ትዝ አለችው፣ በመጨረሻም የትምወርቅ። "ወይኔ ሰውዬው! ምናለ የከፈለኝን እንኳ ባስቀረሁት!" አለ። ከቁስሉ ይበልጥ ይህ ያቃጥለው ጀመር። ሚስቱ በሯን ባትከፍትለትስ? ከሷ በቀር ማን አለው? በአሥራ አምስተኛው ቀን ሐኪሙ ሸኘው፤ "ስድስት ወር ከባድ ነገር እንዳታነሳ። ስፌቱ ከተፈታ አላድንህም" ብሎ አስጠነቀቀው።

ልብሱን ለሰው አድሎ ስለነበር በሐኪም ቤቱ ነጭ ሸሚዝ ገበያው መሀል ወረደ። እንኳን ማረህ የሚለው ጠፋ። ሀዲጃ ከበርበሬዋ ቀና ብላ፣ "ገሪማ? ድነህ መጣህ?" አለችና ወዲያው ቀጠለች፤ "እንግዲያው ዶሮዬን!" ወልዱም ደረሰ። "እኔ ይቅር ያልኩት ትሞታለህ ብዬ ነው። አታለልከኝ! ኖረህ ልትበላው ነው የተናዘዝከው?" አለው።

ገሪማ ሁሉንም ትቶ ወደ ቤቱ ሄደ። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል።

"የትምዬ፣ እኔ ነኝ። ዳንኩ እኮ።"

"እኔ ይቅር ያልኩት ሟቹን ነው፤ አንተን አላውቅህም" አለች ከውስጥ።

ለመናት፣ አለቀሰ፣ በሩ ግን አልተነቃነቀም። መምሬ ዘንድ ተጠጋ፤ የገዛ ጋቢውን ተውሶ ለበሰ። በየጧቱ ደጇ ሄዶ ይቆማል። እንዲህ ዘጠኝ ቀን ሆነ።

በአሥረኛው ቀን የትምወርቅ ደጅ ላይ ሽማግሌ ተቀመጠ። መምሬ ተገኙ፣ የአገሩ ተወላጅ ሽማግሌ አቶ ባልቻም ተገኙ። አቶ ባልቻ ነገር አላበዙም፤ "የበደለ ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ ይወድቃል። የተበደለ ድንጋዩን ካወረደለት ታረቁ ማለት ነው" አሉ።

"ከባድ እንዳያነሳ ሐኪሙ ከልክሏል እኮ" አሉ መምሬ።

እዚህ ላይ ጉባኤው ፈረሰ በሉት። ስንት የሚመዝን ድንጋይ ነው ይቅር የሚያስብል? ሀዲጃ አዝና የወፍጮዋን መጅ አመጣች። ወልዱ ገፍቶ መለሰው። "መጅ በርበሬ ይፈጫል እንጂ ሰው አያስታርቅም! በፋሲካ ሲሰርቀኝ የተሸከመውን ይሸከም እንጂ!" አለ። አቶ ባልቻ ሁለት ግማሽ ድንጋይ በሁለት ቀን ይሁንለት አሉ። መምሬ ግማሽ ድንጋይ ግማሽ ይቅርታ ነው ብለው ተቃወሙ። ቀትር ሆነ። ስለ ድንጋይ ይህን ያህል የተጨቃጨቀ ሽማግሌ ዲላ አላየችም።

ገሪማ ሰለቸው። ማንንም ሳያስፈቅድ ወደ ቡናው ገባና የድንበሩን ድንጋይ አቅፎ ይዞ መጣ። ላቡ ይንጠፈጠፋል። ደጇ ላይ ደርሶ ድንጋዩን ጫንቃው ላይ ሊያወጣው በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ።

"የትምዬ! ያኔ ሞትን ፈርቼ ነው የነገርኩሽ። ዛሬ ግን ምንም አያስፈራኝም፣ ካንቺ በቀር!" አለ።

በሩ ብርግድ አለ። "ስፌትህ! አንተ መዓተኛ፣ ስፌትህ!" እያለች በባዶ እግሯ ሮጣ ድንጋዩን ከእጁ ነጠቀችው። እንዴት እንደቻለችው እንጃ፣ አቅፋው ቆመች።

"አወረደችለት!" አሉ አቶ ባልቻ። ሀዲጃ እልልታዋን አቀለጠችው።

"ማን ይቅር አለው! ስለ ስፌቱ ነው እኮ!" ብላ ጮኸች የትምወርቅ። የሰማት የለም። ሽማግሌው ተነሥቶ እየመረቀ ነው።

ድንጋዩን ወልዱ እግር ስር ጣለችለት። "በል ቦታው መልሰው" አለችና ባሏን በብብቱ ደግፋ ወደ ቤት አስገባችው። አስቀምጣ ሸሚዙን ገልጣ አየች፤ ስፌቱ ደህና ነው። ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው።

ምድጃው ላይ የአጥሚት ማሰሮ ተጥዷል። ገሪማ አየና፣ "ዛሬ እንደምገባ በምን አወቅሽ?" አላት።

"በምንም" አለች ዋንጫውን እየሞላች። "ከካሚዮን ከወረድክ ጀምሮ በየቀኑ እሠራዋለሁ። ንዴቴ አልበርድ ሲለኝ ለውሻ እደፋዋለሁ። ጠጣ አሁን፣ ሳይቀዘቅዝ።"