የአቻን ድንጋይ

ወንዝ ዳር ያደገ ሰው በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ ደጋግሞ ውሃ አይወርድም። ዛሬ ከማንጎው ሥር ከቀዳ ነገ ከአሸዋው በኩል ይቀዳል። አዞ አይቸኩልም፤ መጀመሪያ ያያል፣ ከዚያ ይለምዳል፣ ከዚያ ይጠብቃል። አቻን ይህን ያወቀችው ጀሪካን መሸከም ሳትጀምር ነው። ሕጉን ያፈረሰችው ግን ለእግር ኳስ ብላ ነው።

አቻን የጥላ ማንጎ ኮሌጅ ማደሪያ ጽዳት ሠራተኛ ናት። ከፑኝዶ ወደ ጋምቤላ ከተማ የመጣችው ለዚሁ ሥራ ነው። ልጅ አልወለደችም። ጠያቂ ሲበዛባት፣ «አሥራ አንድ አሉኝ፤ ተጠባባቂዎቹን ሳልቆጥር» ትላለች። የኮሌጁን ቡድን ማለቷ ነው። ማልያቸውን እጠቢ ብሎ ያዘዛት የለም። ድሮ ሁሉም የየራሱን ያጥብ ነበርና አንዱ ነጥቶ፣ ሌላው ጠቁሮ፣ ሜዳ ሲገቡ ከየገበያው የተለቃቀሙ ይመስሉ ነበር። «ይሄ ቡድን ነው ቡቱቶ?» ብላ ሰበሰበችው። ሙያውን ታውቅበታለች። ማልያ ተገልብጦ ነው የሚታጠበው፤ ቁጥሩ ድንጋይ ከነካው ይላጣል። ፀሐይ ላይም አይሰጣም፤ ቢጫው ይሞታል።

አንድ ቅዳሜ ቦኖው ደረቀ። አቻን ማልያውን በሳፋ ይዛ ባሮ ወንዝ ወረደች፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ አገኘች፤ አጠበች። በማግስቱ ልጆቿ ሁልጊዜ የሚረታቸውን ቡድን ረቱት። በሳምንቱ ቦኖው ውሃ ነበረው፤ እሷ ግን ተመልሳ ወደ ድንጋዩ ሄደች። ደግመው አሸነፉ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሕግ ሆነ፤ ቅዳሜ፣ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ፣ ያው ድንጋይ።

«እሁድ በጌታ፣ ቅዳሜ በድንጋይ!» አለቻት ኛላም። ኛላም የኮሌጁ በር ላይ ሻይ ትሸጣለች፤ ቤተ ክርስቲያን አብረው ይዘምራሉ።

«ጌታ የሁለቱም ቡድን ነው» አለች አቻን። «ድንጋዩ የኛ ብቻ ነው።»

ዓሣ አጥማጁ አጎቷ ኦጅዋክ ግን አልሳቀም። «ልጄ፣ አንድ አዲስ ደጋፊ አፍርተሻል» አላት።

«ማን ነው እሱ?»

«ያ ውሃ ውስጥ ያለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቦታውን ቀድሞ ይይዛል።»

አቻን ሳቀች። በዚያው ሳምንት ከድንጋዩ ከፍ ብሎ ታስሮ የነበረው የጎረቤት ፍየል ጠፋ። ካስማው እንደተተከለ ነው፤ ገመዱ ግን ተበጥሷል። ሳቋ እዚያ ላይ ቆመ።

ቡድኑ ከወንዙ ማዶ ካለው ቡድን ጋር ለዋንጫ ደረሰ። ደጋ ዘንቦ ኖሮ ባሮ ደፈረሰ፤ አንድ ክንድ ወደ ታች እንኳ አይታይም። አቻን ፈራች። የዋንጫው ዋዜማ ቅዳሜ ሳፋዋን ቦኖው ሥር አስቀምጣ ማጠብ ጀመረች። ደጋፊዎች አዩዋት።

«ኧረ አቻን! ለዋንጫ በቧንቧ? ልትቀብሪን ነው?»

«የማዶዎቹ ስንት ከፈሉሽ?»

አሥሩን አጥባ አንድ ሲቀራት በረኛው ኩዌት መጣ። እንደ ሸምበቆ የረዘመ፣ ብዙ የማይናገር ልጅ ነው። «እማ አቻን፣ የሌላው ይቅር። የኔን ብቻ እዚያ እጠቢልኝ። ካልሆነ እጄ ይፈራል» አላት። እማ ያላትን ልጅ እንዴት ትመልሰው?

ወረደች። ሌላ ጊዜ ድንጋዩ ላይ የሚያርፉት ወፎች የሉም። ድንጋዩ ርሷል፤ ውሃው ግን ገና አልደረሰበትም። አጠገቡ ያለው ጭቃ ከባድ ጆንያ እንደተጎተተበት ለስልሷል። አቻን ወደ ድንጋዩ ያነሳችውን እግር መልሳ አፋፉ ላይ ተከለችው። ውሃ ያስነካሁት እንደሆነ ቃሌን ጠበቅሁ ብላ ረጅም ቅርንጫፍ ሰበረች፤ ማልያውን ጫፉ ላይ አሰረች፤ ከአፋፉ ሆና ዘረጋችው።

ውሃው ተከፈተ። ቅርንጫፉ ከእጇ ተመንጭቆ ሄደ፤ እሷ በጀርባዋ ወደቀች። ስትነሳ ማልያም ቅርንጫፍም የለም። ድፍርሱ ውሃ ምንም እንዳልነካው ይፈሳል።

እሁድ ኩዌት በልምምድ ማልያ ገባ፤ አረንጓዴ። የመጨረሻዋን ፍጹም ቅጣት ምት አወጣና ዋንጫው የጥላ ማንጎ ሆነ። አቻን የሆነውን የተናገረችው ሰው እንዲጠነቀቅ ነበር። ደጋፊው ግን ዘፈን አደረገው፤

«ባሮ ማልያ ለበሰ፣
ዋንጫው እኛ ቤት ደረሰ!»

ቀጣዩ ጨዋታ ከማታር ከተማ ከሚመጣው ቡድን ጋር ነው። ደጋፊዎቹ አዲስ ማልያ ገዝተው በሯ ድረስ መጡ። «ይሄን ደግሞ ስጪው። ምሱን ለምዷል።»

አቻን እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ስሙኝማ! ያሸነፉት አሥሩ ማልያዎች የት ታጠቡ?»

መልሱን ራሷ ሰጠች።

«ቦኖ! ወንዝ የወረደው አንዱ ነው፤ እሱም አልተጫወተም። ታዲያ ገዱ የማን ነው?»

ተያዩ። አንዱ ሳቀ፤ ሌላው «ቦኖ! ቦኖ!» ማለት ጀመረ። ሰፈሩ ተቀበለው። አቻን ግን አላመነቻቸውም። እሾህ ቆርጣ የድንጋዩን መውረጃ አጠረች።

ቅዳሜ ቦኖው ጋ ማልያዎቹን ስትገለብጥ የኩዌት አዲሱ ማልያ የለም። ዞር ብላ ወደ ኮሌጁ በር አየች። የኛላም ማንቆርቆሪያ ከሰል ላይ እየፈላ ነው፤ ኛላም ግን የለችም። ያቺ በድንጋዩ ስትቀልድ የነበረችው፣ በዋንጫው ቀን ጮሃ ጮሃ ድምጿ የተዘጋው ኛላም። ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። አቻን ሮጠች።

እሾሁ ወደ ጎን ተገፍቷል። ከታች ጨርቅ ድንጋይ ሲመታ ይሰማል፤ ኛላም በሰለለ ድምፅ ታዜማለች። ጀርባዋን ለውሃው ሰጥታለች።

«ተነሺ!»

«ከተሸነፉ በኔ እንዳይሆን ብዬ እኮ ነው፤ ጨርሻለሁ...»

አቻን የእጇን አንጓ ይዛ ጎተተቻት። ተያይዘው አፋፉ ላይ ወደቁ። የተገፋው ሳፋ ማልያውን እንደያዘ ወንዙ ላይ ተንሳፈፈ፤ አንዴ ዞረ፤ ከሥሩ የሆነ ነገር ነካው፤ ሰመጠ። አልተመለሰም።

ኛላም ጣቷን ወደ ውሃው ቀሰረች። «አየሽው?» አለች። «አየሽው?»

ከላይ ከበሮ ይሰማል። የነገውን ጨዋታ ሊያሟሙቁ የወጡት ደጋፊዎች ናቸው፤ ዘፈናቸው ቦኖን አያነሳም። ባሮ ማልያ ለበሰ ይላል። እየቀረበ ነው፤ እሾሁ ደግሞ እንደተገፋ ነው። አቻን ጉልበቷን ይዛ ተነሳች፤ መውረጃው መሃል ቆመችና ሁለት እጇን ዘረጋች።