ከልጅ ጋር ደግሞ ምን እርቅ አለ?

የማርያም ማኅበራችን አንድ የማይታለፍ ደንብ አለው፤ ተጣልቶ ጽዋ የሚጠጣ የለም። በየወሩ በተረኛው ቤት እንሰበሰባለን፣ ጸሎት ይደረጋል፣ ከዚያ ካህናችን አባ ጽዋውን ከማንሳታቸው በፊት «የተቀያየመ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ካለ እዚያው ይታረቃል። ካልታረቀ ጽዋው አይዞርም፤ በአንድ ሰው ኩርፊያ ቤት ሙሉ ሰው ጉሮሮው ደርቆ ይቀመጣል። በአጥር የተካሰሱ ጎረቤታሞች፣ በስልክ የተሰዳደቡ አማቾች፣ በሹመት የተኳረፉ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ሳይቀሩ በዚህ ደንብ ሲሳሳሙ አይቻለሁ። ወላጆቼ ለመንግሥት ሥራ ከጎጃም ሀዋሳ ሲመጡ የገቡበት ማኅበር ነው፤ እነሱ ሲያልፉ ቦታቸው ለእኔ ደረሰኝ። እወደዋለሁ። የምናደደውም ስለምወደው ነው እንጂ ባልወደውማ ትቼው ቤቴ እቀመጥ ነበር።

የማኅበሩ መሪ ሙሴ ይባላል። የእኛ ሙሴ ትልቅ ሰው ናቸው፤ የቢሮ ኃላፊ፣ ቅዳሴ የማያስታጉሉ፣ የተጣላ ባልና ሚስት ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነው። የመጨረሻ ልጃቸውን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። አሁን አራተኛ ክፍል ናት፤ «እማ» ነው የምትለኝ። እኔ ደግሞ ሙሴውን ስናደድባቸውም ስብሰለሰልባቸውም አንቱ እላቸዋለሁ። ልማድ ነው፣ ምን ላድርግ።

ዘንድሮ ፍቼ ጨምባላላ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ሁዳዴ ጾም ውስጥ ገባ። በዚያ ቀን ከተማው በዓሉ ወደሚከበርበት ሜዳ ወደ ጉዱማሌ ይተማል፤ ሕፃናቱም «አይዴ ጨምባላላ!» እያሉ ከቤት ቤት ይዞራሉ። ጎረቤቴ የሲዳማ ተወላጅ ናት፤ የእሷ ልጅና የእኔ የክርስትና ልጅ አንድ ክፍል ነው የሚማሩት። ሁለቱን ይዛ ጉዱማሌ ወረደች። ልጅቷ ለእናቷ ተናግራ ነው የሄደችው፤ አባቷ ግን አልሰሙም። እዚያ ከልጆቹ ጋር ጨፈረች፣ ሲመለሱም ጎረቤቴ ቤት ቡርሳሜ ቀረበላት፤ በቅቤ የራሰ የቆጮ ምግብ ነው፤ በላች። ልጅ ናታ! ቅቤው እየሸተታት «ይቅርብኝ፣ ጾም ነው» እንድትል ነው የሚጠበቀው? አመሻሹ ላይ ቤት ስትገባ አባቷ ወሬው ቀድሞ ደርሷቸው ቀበቷቸውን ፈተው ጠበቋት።

ይህን ያወቅኩት እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ግቢው ውስጥ አገኘኋትና እንደ ልማዴ እቅፍ ሳደርጋት ዘለለች። በዚያ በሀዋሳ ሙቀት ሹራብ ለብሳለች። ከግንቡ ጀርባ ወስጄ እጅጌዋን ስሰበስበው ክንዷ እስከ ትከሻዋ በልዟል፤ የቀበቶው ዘለበት ያረፈበት ቦታ ቆዳው ተገሽልጧል።

«እማ፣ አላለቀስኩም እኮ» አለችኝ።

እንደ ጀብዱ ነው የነገረችኝ። ለካ «ካለቀስሽ እጨምርልሻለሁ» ብለዋት ኖሯል። ይታያችሁ! መምታቱ አንሶ ማልቀስም ተከለከለች። እኔ በእሷ ፋንታ እዚያው ስነፋረቅ ነጠላዬን ይዛ «ሰው ያያል፣ እማ» ትለኛለች።

ጎረቤቴ ስትሰማ በሯ ላይ ቆማ ቀረች። «በጨምባላላ ቀን?» አለችኝ። «እኛ ጋር በዚያ ቀን ልጅ አይመታም። ከብት እንኳን አይመታም። ዛፍም አይቆረጥም፣ ሽማግሌዎች ከልክለዋል። እናንተ ጋር የሚከለክል ሰው የለም ወይ?»

ምን ልበላት? መጽሐፍ አለን፣ ካህን አለን፣ ሰባኪያችን በድምፅ ማጉያ ሰፈሩን ሁሉ ያናውጠዋል። በቅቤ ጉዳይ የሚከለክል ሞልቷል። ልጅ መምታትን የሚከለክል ግን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁላት። ሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆቹን ወላጅ ስለማክበር ገና ፊደል ሳይለዩ ጀምሮ ያስጠናቸዋል። ጥሩ፣ ያስጠና። እዚያው ገጽ ላይ ለአባቶች የተጻፈውን፣ «ልጆቻችሁን አታስቆጧቸው» የሚለውንስ ማን ነው የሚያስጠናቸው? የልጆቹን ገጽ አንብበን የአባቶቹን እየዘለልን እኮ ነው የኖርነው።

እሳት ጎርሼ እናቷ ጋ ሄድኩ። እሷም አንገቷን ደፍታ፣ «ሆድ ይፍጀው በቃ፤ አባቷ ነው። ስድ እንዳትሆን ብሎ ነው። ደግሞ በማግስቱ ጫማ ገዝቶላታል» አለችኝ። ጫማ! እኔ ክንድ እላታለሁ፣ እሷ ጫማ ትለኛለች። «ለአባ እናገራለሁ» ስላት ደነገጠች፤ ገመናችንን አደባባይ እንዳታወጪው ብላ ለመነችኝ። አሳዘነችኝ፤ እሷም የምትፈራው ነገር አላት። ነገር ግን እኔ ዝም ብል የሚቀጥለው ቀበቶ የት እንደሚያርፍ አስቤ እንቅልፍ አጣሁ። የልጅቷ ዓይን ላይ ቢያርፍስ?

የዚያ ወር ማኅበር ተራው የሙሴው ቤት ነበር። ገብተን ስንቀመጥ እጅ የምታስታጥበን ማን ብትሆን ጥሩ ነው? እሷው ናት። ሹራቧን እንደለበሰች፣ ማንቆርቆሪያውን በግራ እጇ ይዛ ከሰው ሰው ትዞራለች። አንዷ ባልቴት «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት፣ እንዲህ ነው ማሳደግ!» ብለው መረቁ። ሙሴውም ምርቃቱን «አሜን» ብለው ተቀበሉ። እኔ ውሃው እጄ ላይ ሲፈስ ደሜ ፈላ።

ጸሎቱ አለቀ። አባ እንደ ወትሮው፣ «የተቀያየመ አለ?» አሉ። ይኼኔ እኔ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ።

«አለ፣ አባ። ጋሼ ሙሴ ከልጃቸው ተጣልተዋል።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አንዱ፣ «ከልጅ ጋር ደግሞ ምን እርቅ አለ?» አለ። ሌላው፣ «ቆይ፣ ነገ ከድመቷ ጋር አስታርቁን ልትል ነው» ሲል ሳቁ ባሰ። ሙሴውም ሳቁ፤ ግን አንድ ጊዜ ወደ ሚስታቸው ዞር ብለው አዩ። እሷ ወለሉን ነበር የምታየው።

አባ ግን አልሳቁም። «ከሆነስ ትጠራ» አሉ። ደስ አለኝ፤ ተስፋ አደረግኩ። ልጅቷ ከጓዳ መጥታ መሀል ቆመች። አባም እጃቸውን ዘርግተው፣ «ነይ ልጄ፣ የአባትሽን ጉልበት ሳሚና ይቅር በለኝ በዪ» አሏት።

እሷም ተንበርክካ ሳመች። «ይቅር በለኝ፣ አባዬ» አለች። ቤቱ በሙሉ «ተመስገን!» አለ። አለቀ፣ ደቀቀ! እኛ ዘንድ እርቅ ማለት ታናሹ የታላቁን ጉልበት መሳሙ ነው፤ የበደለው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዘለበት ያረፈባት ልጅ ዘለበቱን ያሳረፉባትን ሰው ይቅርታ ጠየቀች፣ እኛም ለዚህ ፈጣሪን አመሰገንን። እኔው ነኝ ደግሞ ያስጠራኋት! እንደዚያ ቀን ንድድ ብዬ አላውቅም።

አባ ጽዋውን ሊያነሱ እጃቸውን ሲሰዱ፣ «አይነሳም!» ብዬ ጮህኩ።

«ምነው ልጄ?»

«እኔ ተጣልቻለሁ። ከጋሼ ሙሴ ጋር። ደንብ ደንብ ነው፤ እኔ ካልታረቅኩ ጽዋው አይዞርም።»

አሁን የሳቀ የለም። ሙሴው ፊታቸው ተለዋወጠ። «እኔ አንቺን ምን አደረግኩሽ?» አሉ።

«ልጄን መቱብኝ።»

«የወለድኳትን ልጅ!»

«እርስዎ ወለዱ። ከክርስትና ስትነሳ የተቀበልኳት ግን እኔ ነኝ፤ ምን ብዬ ቃል እንደገባሁ አባ ይመስክሩ፣ ያጠመቋት እሳቸው ናቸው። አደራዬ ናት። አደራዬን በቀበቶ ዘለበት ነው የገሸለጡት።»

«በሁዳዴ ቅቤ በልታ መጥታ ልሳማት ኖሯል?» ብለው ተቆጡ። «ሃይማኖቷን ልትጥል ነው! ነገ የት እንደምትውል በምን አውቃለሁ?»

«ከቅቤ ጾመው የልጅዎን ሥጋ ሲበሉስ፣ ጋሼ? ይሄኛው አያስገድፍም?»

ባልቴቷ ጣልቃ ገቡ። «ኧረ ተይ፣ ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል ይባላል እኮ።»

«ይቺ መች አለቀሰች፣ እማማ? ካለቀስሽ እጨምርልሻለሁ ተብላለች!» አልኩና ወደ ልጅቷ ሄድኩ። ላሳያቸው፣ እጅጌዋን ልሰበስበው ነበር። ግን ሹራቧን በሁለት እጇ ጭምቅ አድርጋ ይዛ ቀና ብላ አየችኝ። ተውኩት። ክንዷ የሷ ነው፤ ቤት ሙሉ ሰው እንዲያየው ካልፈለገች አይታይም።

ሹራቡን እናቷ አወለቀችላት። ያቺ ገመናችንን አታውጪ ብላ የለመነችኝ ሴትዮ ከጥግ ተነስታ መጣች፤ ልጇን ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር አለቻት፣ ልጅቷም እሺ ስትላት ቀስ ብላ አወለቀችላት። አባ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አደረጉና ክንዷን አዩ። ከዚያ መነጽሩን አወለቁት።

«ሙሴ፣ ይነሱ» አሉ። «ሰው ሲያስታርቁ ቆይተዋል፤ የበደለ ምን እንደሚያደርግ እኔ አልነግርዎትም። የቅቤውን ነገር ለእኔ ይተዉት፣ የነፍስ አባቷ እኔ ነኝ፤ ቀኖናውን እኔ እሰጣታለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህች ልጅ ላይ እጅዎን ቢያነሱ ግን በሥልጣነ ክህነቴ ገዝቻለሁ።»

ሙሴው ለረጅም ጊዜ አልተነሱም። ለመሥሪያ ቤት ሰው፣ ለባልና ሚስት፣ ለአማች ሁሉ «ተነስ፣ ይቅርታ ጠይቅ» ሲሉ የኖሩ ሰው የገዛ ጉልበታቸው አልታዘዝ አላቸው። በኋላ ተነሱ። ፊታቸው ጠቁሯል። ግድግዳውን እያዩ፣ «ይቅር በይኝ» አሉ።

«ለግድግዳው ነው?» አልኩ። አላስችል አለኝ።

ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ይቅር በይኝ» አሉ እንደገና፣ አሁን ድምፃቸው ለወጥ ብሏል። እውነት ይሁን እፍረት አላውቅም። ሊስሟት ፈልገው ግንባሯን ወደ እሳቸው ለማምጣት ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ።

ልጅቷ ቁጭ አለች። ሁለት ክንዶቿን ራሷ ላይ ደርባ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ጥርሷን ነክሳ ወለሉ ላይ ኩርምት አለች። አላለቀሰችም።

የሙሴው እጅ በአየር ላይ ቀረ። ባልቴቷ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። አባም ጽዋውን ከፊታቸው ፈቀቅ አደረጉት። ሙሴው እጃቸውን ሰብስበው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱትና አጠገቧ በርከክ አሉ።

«አልመታሽም እኮ» አሏት።

ክንዷን አላወረደችም።