ጉርሻ የፈራን ሰሞን

ባሌን ስትሮክ ከመታው ወዲህ ከምንም በላይ የምፈራው ማንኪያ ነው። የሚስቅ ይሳቅ። ምን አለሽ ተራ ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ ምድጃ ሲሠራ የኖረ ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ቀኝ እጁም ምላሱም አልታዘዝ አሉት። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ጉሮሮው ነው። ውኃ ሳጠጣው ትን ይለዋል፣ ዓይኑ ይፈጣል፣ እኔም "ድረሱልኝ!" ብዬ ሰፈሩን አሸብራለሁ። በገዛ እጄ ልገድለው ነው እላለሁ የምግብ ሰዓት በደረሰ ቁጥር።

ከጤና ጣቢያው ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ወዳለው ቤታችን ስትመጣ፣ እንደ ሌላው ጊዜ ስለ ክትባት ልትጠይቅ መስሎኝ "የኔ ልጅ፣ ዛሬስ ተዪኝ" አልኳት። መች ሰምታኝ! ባሌን ትራስ ላይ አንጋልዬ ሳጠጣው አይታ ብርጭቆውን ተቀበለችኝ።

"እትዬ፣ እስኪ እርስዎ አንገትዎን ወደ ኋላ ጥለው ይጠጡት።"

ሞከርኩት። ውኃው በአፍንጫዬ ሊወጣ ምንም አልቀረው።

"አዩ? ጋሼም እንደዚህ ነው የሚሆኑት" አለች። ቀጥ አድርጋ አስቀመጠችው፣ አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ አደረገችው፣ ወፈር ያለ ገንፎ በሻይ ማንኪያ ጫፍ ሰጠችው። እስኪውጥ ጠበቀች፤ ከዋጠም በኋላ በሰነፈው ጉንጩ በኩል የቀረ እንዳለ አየች። ትን ካለው ወደ ፊት ደፋ አድርጌ ጀርባውን በትከሻዎቹ መሀል እንድመታ አሳየችኝ። ልትሄድ ስትል "ጠያቂ እንዳያጎርሳቸው አደራ" አለችኝ።

ጭንቁ ይሄኔ መጣ! እኛ ሰፈር ታማሚ ሊጠይቅ የመጣን ሰው አታጉርስ ማለት ከቤቴ ውጣ ከማለት አይተናነስም።

አንድ ቅዳሜ ጎጃም በረንዳ ሱቅ ያለው፣ ምድጃውን በጅምላ ሲረከበው የኖረ የልብ ጓደኛው ክትፎ በቆጮ አስጠቅልሎ መጣ። ባሌን ሲያየው እንባው ዱብ ዱብ አለ።

"ወንድሜ በገንፎ ሊድን ነው እንዴ?"

"ጠንካራ ምግብ ተከልክሏል" አልኩት።

"በሞቴ! አንዲት ብቻ!"

አንዲት ያላት ቡጢ ታክላለች። ባሌ ደግሞ የናፈቀውን ጓደኛውን ሲያይ አፉን እንደ ሕፃን ከፈተ። "ኧረ ተው!" ብዬ ስዘል የጓደኛው እጅ ባሌ አፍ ውስጥ ነበር።

ድምፅ የለም። ሳል እንኳ የለም። ከንፈሩ ጠቆረ። ወደ ፊት ደፍቼ ጀርባውን መታሁት፣ ደግሜ መታሁት፣ ጌታዬ አትውሰድብኝ እያልኩ መታሁት። ቆጮው ጭኔ ላይ ተፈናጥሮ ወደቀ። ጓደኛው ቅቤ የነካ እጁን ዘርግቶ ጥግ ላይ ቆሞ "ገደልኩት እንዴ? ገደልኩት እንዴ?" ይላል። ልቆጣው አልቻልኩም፣ አሳዘነኝ።

ከዚያ የባሰው መጣ። ባሌ ጥርሱን ነክሶ አልበላም አለ። ማንኪያ ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ያን ቀንም በማግሥቱም። መታነቁን ስፈራ በረሃብ ሊሞትብኝ ነው። ባለሙያዋ ጋ ደወልኩ።

መጣችና ከሱ በፊት እኔን አየችኝ። "እትዬ፣ እርስዎስ መቼ ነው የበሉት?"

አላስታወስኩም።

"እጅዎ ይንቀጠቀጣል። ጋሼ የሚያዩት እሱን ነው።"

"ታዲያ አልፈራም ብዬ ልዋሽ? ልቤ ሊወልቅ ነው እኮ!" ብዬ ጮህኩባት።

"አይዋሹ፣ ይፍሩ። ግን ለብቻቸው አይመግቧቸው። አብረዋቸው ይብሉ።"

ፊት ለፊቱ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ፣ ገንፎው በመሀላችን። ማንኪያውን ሳስጠጋ ከንፈሩን ገጠመ። ከዚያ ግራ እጁ ተንቀሳቀሰና ማንኪያውን ነጠቀኝ። ሊወረውረው ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ከገንፎው ዝቆ፣ ግማሹን ጉልበቱ ላይ እያፈሰሰ ወደኔ አፍ ያመጣዋል። አገጬን ቀባው፣ አፍንጫዬን ቀባው፣ በመጨረሻ አጎረሰኝ።

ባሌ ዓይኑን ሳይነቅል ጠበቀኝ። አገጬን ዝቅ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ ዋጥኩ።

ጉንጬ ውስጥ የቀረ እንደሌለ አየና አፉን ከፈተ።