ቅዳሜ ብቻ የሚታመሙ ሴቶች

ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ሱቅ ስኳር ከሚጠቀለልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። በቃ፣ ማንበብ ሲመጣልኝ ቀጨኔ ውስጥ ደብዳቤ ያለበት ሁሉ እኔን ይጠራ ጀመር።

ቤተ እስራኤል ነን። ይህን ግን ከደጃፋችን ውጭ አንናገረውም ነበር። ለሰው ዐይን ክርስቲያን ነን፤ ቤታችን ውስጥ ግን አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት ይጠፋል፣ ቅዳሜ እስኪመሽ የሚነካው የለም።

ደርግ ከመጣ በኋላ ቀበሌው ሸክላ ሠሪ ሴቶችን በማኅበር አደራጀ። የሸክላ አፈር የሚታደለው ለማኅበርተኛ ብቻ ሆነ። ሸክላ የሚቃጠልበት ቀን ደግሞ ቅዳሜ ተባለ።

«ታማለች ብለሽ ለቀበሌው ጻፊልኝ» አለችኝ እናቴ። ጻፍኩ። ታናሽ እህቷ፣ አክስቴ፣ መጣች፤ እንደኛው ሰንበትን በስውር የሚጠብቁ ጎረቤቶቻችንም ተከተሉ። አንዷን ወገቧን አሳመምኳት፣ ሌላዋን ቁርጥማት ያዛት። አንዲት ጥርሳቸው ያለቀ እናት፣ «ለእኔ ነፍሰ ጡር ናት በይልኝ፣ ልጄ፤ ማን ሊያረጋግጥ!» ብለው አሳቁን።

በወሩ የቀበሌው ሊቀመንበር ስብሰባ ጠርቶ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደረ።

«ዘጠኝ ሴት፣ ዘጠኙም ቅዳሜ ብቻ የሚታመሙ! የጻፈውም አንድ ሰው! እሑድ የሚነሳባት አንዲት እንኳ የለችም?»

ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

«ይሄ ኋላ ቀር ልማድ ብቻ አይደለም፤ ከጽዮናውያን ጋር መላላክ ነው!»

«ቡዳ ደግሞ ምን ሰንበት አለው?» አለ አንዱ ከኋላ። ሊቀመንበሩ ሳይገሥጸው ወረቀቶቹን ሰበሰበ።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ወረቀቶቹን ሁሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በዚያው ጎባጣ ፊደሌ መጻፌ ነው። ቢያንስ ጥቂቱን ሌላ ሰው ባስጽፍ ምን ነበረበት? ደግሞ በራሴ እናደዳለሁ። ቅዳሜን ወንጀል ያደረገው ሰውዬ ተቀምጦ፣ እኔ ስለ እስክሪብቶ እጨነቃለሁ!

በማግሥቱ ቅዳሜ ዘጠኙም ሴቶች ማቃጠያው ሜዳ ላይ ተጠሩ። እንስራውና ድስቱ ተደርድሮ፣ ጭድና ኩበት ተከምሮበታል። ሊቀመንበሩ ክብሪቱን ለእናቴ ሰጣት።

«ለኩሺ።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ነገ በጠዋት መጥቼ የሁሉንም ድርሻ ብቻዬን ላቃጥል።»

«ዛሬ ነው ያልኩሽ። አለዚያ ስምሽ ይሰረዛል።»

እናቴ ክብሪቱን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ስሟን እዚያው ፊታችን ሰረዘው። ሸክላ እንጂ ሌላ ሥራ አታውቅም፤ የምንበላው ከዚያ ነው።

ተራው የአክስቴ ሆነ። ጎንበስ ብላ ክብሪቱን አነሳችና ለኮሰች። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታት ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። አክስቴን እንዴት እንደጠላኋት!

ሐሙስ ዕለት አፈር ታደለ። አክስቴ ድርሻዋን በጀርባዋ አዝላ ወደ ቤታችን መጣች። እናቴ ቀና ብላ አላየቻትም። አክስቴ ግማሹን አፈር ደጃፋችን ላይ ዘረገፈች፣ ነጠላዋን አራግፋ ወጣች። በሚቀጥለውም ሐሙስ መጣች።