በስልክ የሰማችው ቀብር

«አልቅሰሽ ከጨረስሽ አልጋሽን አንጥፊ። እኔ የሰው ንፍጥ ሲሳብ መስማት አልወድም።»

ከስሎቫኪያ የመጣችው እስረኛ ሴትዮ መጀመሪያ የነገረችኝ ይህን ነው። በሩ ከኋላዬ ገና መዘጋቱ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ተደራራቢ የብረት አልጋና ክዳን የሌለው የብረት ሽንት ቤት አለ። ሁሉ ነገር በረኪና በረኪና ይሸታል። ከጣሪያው ቀዝቃዛ አየር ሳያቋርጥ ይነፋል። እሷ ታችኛው አልጋ ላይ ቁጭ ብላ ከብርዱ የተነሳ ካልሲ እጇ ላይ አጥልቃለች። አያቴን ልታክል ትችላለች፤ ግን እዚያ ቤት አንቱ ብሎ ነገር የለም፣ የምንግባባውም በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው። አላለቀስኩም፣ ጉንፋን ነው አልኳት። ውሸቴን ነበር።

አገሬ ላይ የታሰርኩት ወንድሜ ያለበትን አልናገርም፣ ያዘጋጁት ወረቀት ላይም አልፈርምም ብዬ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሱቅ ውስጥ እሸጥ ነበር እንጂ ፖለቲካ የሚባል ነገር ውስጥ የለሁበትም። ሲፈቱኝ ሸሸሁ። አትላንታ ኤርፖርት ወርጄ «መመለስ እፈራለሁ» ከማለቴ እጄ ላይ ካቴና ገባ። ከአንዱ እስር ቤት ወጥቼ በገዛ ምላሴ ሌላው ውስጥ ገባሁ ማለት ነው። ልዩነቱ እዚህ ሲያስሩሽ «ማም» ይሉሻል።

ጉዳዬን በነጻ የያዘችልኝ ጠበቃ እዚያው አትላንታ አጠገብ ሮዝዌል ያደገች ሐበሻ ናት፤ ዕድሜያችን እኩል ነው። ከመጠየቂያ ክፍሉ መስታወት ወዲያ ሆና በመጣች ቁጥር የምትነግረኝ አንድ ነገር ነበር። «ሊስን፣ ራይት አፕ እንዳታገኚ፣ ኦኬ? ላይክ፣ አንድም። ጃጁ ያየዋል።» ራይት አፕ የሚሉት ጠባቂ ትእዛዝ አልሰማችም ብሎ የሚጽፍብሽን የጥፋት ሪፖርት ነው፤ ጃጅ ያለችው ዳኛውን ነው። ችሎቴ ደርሶ ነበር። እሺ አልኳት፤ ምላሴንም እጄንም ሰብስቤ ተቀመጥኩ። ለእኔ ይህ ቀላል ሥራ አይደለም።

ሴትዮዋ የሰው ቤት ስታጸዳ ነው አሜሪካ ያረጀችው። ኖርክሮስ የሚባል ከተማ መንገድ ላይ የመኪናዋ የኋላ መብራት አልበራ ብሎ ፖሊስ አስቆማት፤ የመኖሪያ ወረቀት እንደሌላት በዚያው ታወቀ። ጠበቃም አልፈለገች። ይመልሱኛ፣ ትላለች፣ ግን ማን ጋ?

የመንደሯን ነገር ያወራችኝ የጋራውን ሻወር ቤት ስንፈገፍግ ነው። ስሎቫኪያ በየት በኩል እንደሆነች አላውቅም ነበር። ወለሉ ላይ በሳሙና አረፋ ሣለችልኝ፤ ተራራ፣ ከሥሩ አንድ መንገድ፣ በመንገዱ መሃል ወንዝ፣ ከወንዙ ግራና ቀኝ ቤቶች፣ ጫፉ ላይ ቤተ ክርስቲያን። በቃ፣ ይሄው ነው አለችኝ። አያቷ በወጣትነቱ አሜሪካ መጥቶ ድንጋይ ከሰል ሲቆፍር ኖሮ፣ የሳንባ በሽታ ሳይጨርሰው ወደ መንደሩ ተመልሶ እርሻ ገዛ። እሱን ወረቀት ማን ጠየቀው፣ ትላለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የመንደሩን አይሁዳዊ ባለሱቅ ከነቤተሰቡ በጭነት መኪና ጭነው ወሰዱት፤ ብዙም ሳይቆይ ድስቶቹ በየጎረቤቱ ምድጃ ላይ ታዩ፤ ከየት አመጣችሁ ያለ ሰው የለም። በብርዱ ወራት ሴቶቹ አንድ ቤት ተሰብስበው ለትራስ የሚሆን የዝይ ላባ ከአገዳው ይለያሉ። ላባው እንዳይበተን በር መክፈት ክልክል ነው፤ ማስነጠስም ክልክል ነው። ሐሜት ብቻ ይፈቀዳል። የድስቶቹንም ነገር እናቷ የሰማችው እዚያ ነው።

«መንደርሽ እኮ የኛ ቀበሌ ነው» አልኳት። ሳቀች፤ ጥርሷን ያየሁት ያኔ ነው።

ከዚያ የአባቷን ነገረችኝ። መንግሥት እርሻውን ሁሉ ሰብስቦ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሲያደርግ መንደርተኛው አንድ በአንድ ፈረመ፤ አባቷ ብቻ አልፈርምም አለ። እሱ ካልፈረመ ልጆቻችን ትምህርት ቤት አይገቡም ብለው ጎረቤቶቹ ግቢው ውስጥ ቆመው ለመኑት፤ ቀጥሎ ሰደቡት፤ ቀጥሎ አሳሰሩት። እሷ ያኔ ጡት ትጠባለች። ከእስር ሲመለስ ላሞቹም እርሻውም የሉም፤ ለካ እናቷ በእሱ ስም ፈርማለች። ባልና ሚስቱ ከዚያ በኋላ ከወንዙ ግራና ቀኝ እንዳሉ ቤቶች ሆነው ኖሩ። ልጅቱ አድጋ ከመንደሩ በወጣችበት ቀን እናቷን ፊት ለፊት «አባቴን የሸጥሽው አንቺ ነሽ» አለቻት። በዚያው ቀሩ፤ አልተነጋገሩም።

እናትየዋ መሞቷን የሰማነው ሰኞ ቀን ነው። ዘጠና አልፏታል። የአክስቷ ልጅ ናት በስልክ የነገረቻት። ሴትዮዋ አላለቀሰችም፤ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትል ዋለች። ምን ሆንሽ ብላት ስለ ልማዱ አስረዳችኝ። መንደራቸው ሰው ሲሞት፣ ሬሳው ከግቢ ሳይወጣ፣ እንደኛ መሪጌታ ያለ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ሬሳው አጠገብ ቆሞ በሟች አፍ ይሰናበታል። ልጆቹን፣ የልጅ ልጆቹን፣ ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ በስማቸው ይጠራል፤ በድያችሁ እንደሆነ ይቅር በሉኝ፣ እኔም ይቅር ብያለሁ ይላል። ማን እንደሚጠራ ሟች ነው በቁሙ ለዘማሪው የሚነግረው። ያልተጠራ ሰው አልታረቀም ማለት ነው፤ መንደሩ ሁሉ ይሰማል።

«ትጠራሽ ይሆን?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቄ» አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የአክስቷ ልጅ ስልኩን ወደ ዘማሪው ልትይዝላት ተስማማች። እነሱ ጋ ከሰዓት በኋላ ሲሆን እኛ ጋ ጠዋት ነው፤ ሰዓቱ ደግሞ ከእስረኞች ቆጠራ ጋር ገጠመ። በቆጠራ ሰዓት ሁሉም ሰው ክፍሉ በር ላይ መቆም አለበት፤ ስልክ አይነካም። ሴትዮዋ የዕለቱን ጠባቂ ለመነችው። ደንብ ነው አላት፤ አዝናለሁ አላት፤ ማምም አላት።

እሷ ግን ደወለች። ቆጠራ ተብሎ ሲጮህ ሁሉ ወደየበሩ ሄደ፤ እሷ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ካለው ስልክ ጋር ተጣብቃ ቀረች። ከመነጋገሪያው እስከ እኔ ድረስ ቀጭን የወንድ ዜማ ይሰማል። ጠባቂው አንዴ ጠራት፤ ደገመ። ከዚያ ወደ እሷ መራመድ ጀመረ።

እኔ ከክፍላችን በር ለቅቄ ሄድኩና አዳራሹ መሃል ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ተመለሺ አለኝ። አልመለስም አልኩት። አመመሽ ወይ አለኝ፤ ደህና ነኝ አልኩት። ታዲያ ለምን ተቀመጥሽ ሲለኝ ደስ ስላለኝ አልኩት። በየበሩ የቆሙት ሴቶች መሳቅ ጀመሩ፤ አንዷ አጨበጨበች። ሰውየው ፊቱ ቀላ፤ ሴትዮዋን ትቶ እኔ ላይ ቆመ፤ በሬዲዮ ሌሎቹን ጠራ። እስኪመጡ ድረስ ዜማው ቀጠለ። እኔም ሲሚንቶው ላይ ቁጭ እንዳልኩ የጠበቃዬ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ይጮሃል፤ ላይክ፣ አንድም።

ራይት አፑ ዋጋ አስከፍሎኛል። ዳኛው አነበበው፤ በዋስ ልውጣ ማለቴን ውድቅ አደረገው፤ ጠበቃዬ ግንባሯን ይዛ ቀረች። ጥገኝነቱን ያገኘሁት ብዙ ቆይቶ ነው። ዛሬ ታከር የሚባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ካርቶን አሽጋለሁ። እረፍት ላይ ይህን ሳወራ የሚሰሙኝ ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቁኛል፤ ታዲያ በመጨረሻ ጠሯት? ጠሯት ብል ደስ እንደሚላቸው አውቃለሁ።

ያን ዕለት ሌሎቹ ጠባቂዎች መጥተው እጄን ወደ ኋላ ሲያስሩ ሴትዮዋ ስልኩን ቀስ አድርጋ ሰቀለች። ዞር ስትል አየችኝ።

«ጠሩሽ?» አልኳት ከወለሉ።

«ወንድሜን ጠሩት። ሚስቱን ጠሩ። አባቴን ያሳሰረው የማኅበሩ ሊቀመንበር ልጆች ነበሩት፤ እናቴ እነሱን ሁሉ በየስማቸው ይቅርታ ጠየቀቻቸው። ከዚያ ሬሳውን አነሱ።»

ከዚያ እኔን ተቆጣችኝ።

«ማን ተቀመጪ አለሽ? አሁን ያንቺም ጉዳይ ተበላሸ። ለእኔ ብለሽ ከሆነ በከንቱ ነው።»

«ላንቺ ብዬ አይደለም።»

«ታዲያ ለማን?»

«አልፈርምም ላለው ሰውዬ።»

አየችኝ።

«እሱም እንዳንቺ ጅል ነበር» አለችኝ።

ጠባቂዎቹ ግራና ቀኝ ብብቴን ይዘው ሊጎትቱኝ ሲሉ፣ ልቀቁኝ፣ እግር አለኝ አልኳቸው። ለቀቁኝ። ተነስቼ ከፊታቸው ወጣሁ።