የአባቴ ምላስና የጸበሉ ብልቃጥ

አባቴ ከይፋግ ወጣ ብሎ ባለ ደብር ዜማ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። ምላሳቸው ጎን ላይ የወጣች ነጭ ቁስል ሁለት ወር ሙሉ አልድን ስትል፣ በግድ ጎትቼ ወረታ ሐኪም ዘንድ ወሰድኋቸው። ሐኪሙ ካንሰር ሳይሆን አይቀርም ብሎ ከቁስሉ ቆነጠረና መድኃኒት ባለበት ብልቃጥ ከትቶ፣ በማግስቱ ባሕር ዳር ላብራቶሪ እንዳደርስ ሰጠኝ። እኔ ሞትን ፈራሁ። እሳቸው ግን የጨነቃቸው ሌላ ነበር። «ምላሴን ከነኩት ተማሪዎቼን በምን አስተምራለሁ?» ይላሉ።

ባሕር ዳር አብረን ሄድን። ባለሙያዋ ብልቃጡን ከፍታ አየችና ግራ ገባት።

«ይኸ ፈሳሽ ምንድን ነው?»

«ጸበል ነዋ» አሉ አባቴ ኮራ ብለው። «ያ መድኃኒት ይከረፋል። የክርስቲያን ሥጋ እንዴት በሱ ያድራል? ደፋሁት።»

ሥጋው ለምርመራ እንዳይሆን ሆኖ ተበላሽቷል። አባቴ ባይሆኑ ኖሮ የምናገረውን አውቅ ነበር። ባለሙያዋ ሳቋን እንደምንም ዋጠችና «መሪጌታ፣ ጸበሉን እርስዎ ይጠጡት፤ ለሥጋው የኛን መድኃኒት ይተዉለት» አለቻቸው።

ወረታ ተመልሰን እንደገና ተቆነጠሩ። ሁለተኛውን ብልቃጥ እኔንም አላምን ብለው እስከ ባሕር ዳር በሁለት እጃቸው ይዘውት ሄዱ።

ውጤቱ ሲመጣ ካንሰር መሆኑ ተረጋገጠ። ሐኪሙ ግን ፊቱ ፈካ ብሎ ነበር። «በካንሰሩ ሴል ላይ ‹እደግ› የሚለውን ትእዛዝ የሚቀበሉ ተቀባዮች አሉ» አለ። «እነሱ ሲበዙ ካንሰሩ ይፈጥናል። የእርስዎ ጥቂት ናቸው። ይህ ብቻውን አይወስንም፤ ቁስሉም ገና ትንሽ ስለሆነ ግን ደግ ተስፋ አለ።»

«እንደ ሩዝ ማሳ በለኛ» አሉ አባቴ። «የውሃ መግቢያው ሲበዛ ያጥለቀልቀዋል።»

ሐኪሙ ከዚያ ወዲህ ሌላውንም በሽተኛ በዚሁ ነው የሚያስረዳው።

ከምላሳቸው ጥቂት ተቆርጦ ወጣ። ሲያገግሙ ወደ ተማሪዎቻቸው ተመለሱ፤ ድምፃቸው ያው ነው፣ አንዳንዱ ቃል ግን ይኮላተፍባቸዋል። ዜማ ደግሞ ከመምህሩ አፍ እንደወረደ ነው የሚያዘው። ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ስሰማ፣ ተማሪዎቹ በሙሉ በአንድ ድምፅ ይኮላተፋሉ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ እንባዬ።

ስንወጣ «አባ፣ ልጆቹን ሁሉ ኮልታፋ አደረጓቸው እኮ» አልኋቸው።

«ደግ ነዋ» አሉ። «እየሰሙኝ ነው ማለት ነው።»